የአንድ ቆርቆሮ ምስማር

ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ወደ ቡሬ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ገና ከከተማው ሳይወጣ በርበሬ ከጫነ አይሱዙ ኋላ ገባ። ሾፌሩ ለመቅደም ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስቱንም ጊዜ ተመለሰ። በዚያ መካከል በመስኮቱ የገባው ሽታ ተሳፋሪውን ሁሉ አስነጠሰው። አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና «ኧረ መስኮቱን ዝጉልን!» አለች። እኔ በሰው ፊት ስሜቴን ማሳየት የማልወድ ሴት ነኝ፤ ሆኖም ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ በረጅሙ ሳብኩት። ፀሐይ የጠገበ የዛላ በርበሬ ሽታ መጀመሪያ ይጣፍጣል፤ ጉሮሮን የሚይዘው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የተማርኩት በአሥር ዓመቴ፣ ቡሬ ከተማ፣ በአባቴ ታላቅ እኅት ቤት ነው።

እናቴ መንታ የወለደችበት ዓመት ነበር። ቤታችን በለቅሶና በዳይፐር ፋንታ በሚታጠብ ጨርቅ ስለተሞላ፣ አባቴ «ለአንድ የትምህርት ዓመት ብቻ» ብሎ ወደ እኅቱ ወደ እቴቴ ይታይሽ ቤት አመጣኝ። እቴቴ ልጅ ያልወለዱ፣ ባላቸው የሞቱባቸው የበርበሬ ነጋዴ ነበሩ። ቁመታቸው ረጅም፣ ንግግራቸው አጭር ነበር። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው። በኋለኛው እንተኛለን፤ በፊተኛው በርበሬው ይተኛል። ከጥቅምት ጀምሮ ገበሬዎች በአህያ እያመጡ የሚያራግፉት በርበሬ እስከ መስኮቱ አፍ ይደርስና፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትገባበት ክፍሉ በሙሉ ቀይ ሆኖ ይበራል።

ሥራዬ ቅንጠሳ ነበር፤ ከትምህርት ቤት መልስ ከክምሩ አጠገብ ተቀምጬ የየዛላውን ጭራ እቀነጥሳለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ዓይኔን በረሳሁት እጄ አሽቼ ግቢውን በጩኸት አናወጥኩት። እቴቴ አልቆጡኝም፤ አላባበሉኝምም። ጣቶቼን አንድ በአንድ ቅቤ ቀብተው በጨርቅ ጠረጉና «እጅሽ የት እንዳለ ሁልጊዜ ዕወቂ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይኔን በክንዴ እንጂ በእጄ አላሸሁም። እስከ ዛሬም።

ለቀነጠስኩት ለእያንዳንዱ ቁና አንድ ስሙኒ ይከፍሉኝ ነበር። ልግስና መስሎኝ ደስ ያለኝ ግን እስከ አሥረኛው ስሙኒ ድረስ ብቻ ነው። አሥረኛው ሲሰጠኝ ይመለሳል። «ይቺን እዚያ አስቀምጫት» ይሉና ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ሥር ወዳለው የሸክላ ስኒ ያመለክቱኛል። በርበሬውንም እንደዚያው ያደርጉታል። ዘጠኝ ቁና ወደ ሽያጭ ጆንያዎች፣ አሥረኛው ቁና ማዕዘን ላይ ወደቆመው፣ በከሰል መስቀል ወደተሠራበት ጆንያ። ወደዚያ ጆንያ የሚገባው ዛላ ደግሞ እንዲሁ አይታፈስም። እያንዳንዱን አንሥተው ያዩታል፤ የተሰበረ፣ የገረጣ፣ ጥቁር ነጥብ ያለበት ከሆነ ወደ ሌላው ይመልሱታል።

ማንም ምንም አላስረዳኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በገዛ ራሴ መደምደሚያ ላይ ደረስኩ። እቴቴ ጥሩ ጥሩውን ለራሳቸው ይደብቃሉ ብዬ አመንኩ።

ለዚህ እምነቴ ማስረጃ አላጣሁም። የእቴቴ ቀሚስ እጀታው ሁለት ጊዜ ተጥፎ ነበር። ገበያ ወርደው አንዲት ጎመን ሲገዙ ሻጯ እስክታለቅስ ይከራከራሉ። የእኔ ኮንጎ ጫማ በታኅሣሥ ሲበጠስ አዲስ ይገዙልኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ቢላዋ እሳት ውስጥ አግለው ፕላስቲኩን እያቀለጡ አጣበቁት። በዚያ ላይ የሚሸተው! በማግሥቱ ትምህርት ቤት የክፍሌ ልጆች «ስመኝ የተጠበሰ ጫማ አደረገች» ብለው ዘፈን አወጡልኝ። በገበያው ጥግ በጋሽ ሰይድ ሱቅ በር ላይ ደግሞ ነጭ ሸራ ጫማ በክሩ ተንጠልጥሎ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ከአሥሩ ዘጠኙን ስሙኒ በቀሚሴ ጠርዝ ሰፍቼ የማጠራቅመው ለእሱ ነበር።

በየካቲት አንድ ቄስ ወደ ቤታችን መጡ። ሾላ ሜዳ ከሚባለው፣ ከቡሬ የግማሽ ቀን መንገድ ከሚርቀው የእቴቴና የአባቴ የትውልድ ቀበሌ ነው የመጡት። የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቄሰ ገበዝ፣ ማለትም የደብሩ ንብረት ኃላፊ፣ መምሬ ወርቁ ነበሩ። ከራስ እስከ እግራቸው አቧራ ለብሰው ነበር። ውኃ ጠጥተው ትንፋሻቸውን ከሰበሰቡ በኋላ ባለፈው ክረምት የሆነውን ለእቴቴ ነገሯቸው። የሣር ክዳኑ በስብሶ በአንድ ጎኑ ተንዷል። ታቦቱ ወጥቶ መገበሪያው በሚዘጋጅባት በትንሿ ቤተልሔም ከገባ ስምንት ወሩ ነው። አዲስ ሣር እንዳይከድኑ፣ ሣር ይታጨድበት የነበረው መስክ ሁሉ ታርሶ በቆሎ ሆኗል።

«መቶ ቆርቆሮ ይበቃዋል ብለውናል» አሉ መምሬ። «አገሩ ያለውን አወጣ፤ ስድሳው ተገኘ። አርባ ቀረን። ሰኔ ሳይገባ ካልከደነው ግድግዳውም ይሄዳል፤ ቤተልሔሟም የዘንድሮን ዝናብ አትችልም። ለሚያዝያ ንግሥ ሕዝቡን እንለምናለን። አንቺም የአገሩ ልጅ ነሽና እንድታውቂው ነው የመጣሁ።»

እኔ ወደ ማዕዘኑ ጆንያ አየሁ። እቴቴ ወደ እኔም ወደ ጆንያውም አላዩም።

«ሰማሁ፤ ለንግሡ እመጣለሁ» አሉ። በቃ። መምሬ በባዶ እጃቸው ባርከውን ወጡ፤ እኔም በር ላይ ቆሜ ጀርባቸው ከመንገዱ እስኪጠፋ አየኋቸው። እንደዚያ ቀን በእቴቴ ያፈርኩበት ቀን የለም።

በመጋቢት መጨረሻ፣ በርበሬ ከገበያ ሲጠፋና ዋጋው ሲወጣ፣ እቴቴ ያንን ባለ መስቀል ጆንያ በአህያ አስጭነው ወደ ጋሽ ሰይድ ሱቅ ወሰዱት። ጋሽ ሰይድ በርበሬ የሚገዙ፣ ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ ጋዝና ጫማ የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ፤ ከእቴቴ ጋር የሃያ ዓመት ደንበኝነት ነበራቸው። የጆንያውን አፍ ፈትተው እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ሰደው አንድ ዛላ አወጡና አሸተቱት።

«ማሻ አላህ! ይኼማ በርበሬ አይደለም፣ ሐር ነው።» ከዚያ ዋጋ ጠሩ።

«አይሆንም» አሉ እቴቴ።

«እትዬ ይታይሽ፣ ትናንት ያንኛውን በዚህ ዋጋ ሰጥተውኝ የለም? ዛሬ ምን ተገኘ?»

«ያ የእኔ ነበር።»

«ይኼስ የማን ነው?»

«የእኔ አይደለም። የእኔ ቢሆን እቀንስልህ ነበር ሰይድ፤ የእኔ ባልሆነ ላይ ግን መቀነስ አልችልም።»

ሲከራከሩ ረጅም ጊዜ ቆዩ። እኔ ነጩን ሸራ ጫማ ሳይ፣ ሸራ ጫማውን ማየት ሲያሳፍረኝ ደግሞ ከበሩ ሥር በሣጥን የተሞላውን ምስማር ሳይ ቆየሁ። አንድ ገበሬ መጥቶ ምስማር አስመዘነ፤ የከፈለው ሳንቲም በቀሚሴ ጠርዝ ካለው ብዙም አይበልጥም። ምስማር ርካሽ ነው ብዬ በልቤ ያዝኩ። በስተ ኋላ ጋሽ ሰይድ «እሺ፣ እጄን ሰጠሁ!» ብለው እየሳቁ ከፈሉ። እቴቴ ብሩን አጣጥፈው በመቀነታቸው ቋጠሩት። «የእኔ አይደለም» ሲሉ ዓይናቸውን እንኳ አለመስበራቸው አስደነቀኝ። ነጋዴ እንዲህ ነው የሚዋሸው ብዬ ተማርኩ።

ሚያዝያ ሃያ ሦስት፣ ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ፣ ሾላ ሜዳ ገባን። በዋዜማው ተጉዘን በአንድ ዘመዳችን ቤት ነበር ያደርነው። ቤተ ክርስቲያኑን ሳየው የሰው ገላ ቆስሎ ያየሁ ያህል ደነገጥኩ። በአንድ ወገን የቀረው ሣር ጥቁር ሆኖ ተንዘላዝሏል፤ በሌላው ወገን ማገሩ እንደ ጎድን አጥንት ተገልጦ ሰማይ ይታይበታል። የሥላሴ ሥዕል ባለበት ግድግዳ ላይ ያለፈው ክረምት ዝናብ የወረደበት መንገድ አለ። ታቦቱ ከትንሿ ቤተልሔም ሲወጣ ካህናቱ ከበሩ ጉበን በታች እጅግ ማጎንበስ ነበረባቸው፤ ያን ጊዜ አብረውኝ የቆሙት ሴቶች ሁሉ ከንፈራቸውን መጠጡ።

ታቦቱ ዞሮ ከገባ በኋላ ሕዝቡ በሾላው ጥላ ሥር ተቀመጠ። ላይ አምባዎች በቀኝ፣ ታች አምባዎች በግራ። የሁለቱ አምባ ሰዎች በጋብቻ የተሳሰሩ ናቸው፤ ግን በእርሻም፣ በፈረስም፣ በሁሉም ነገር ይፎካከራሉ። ንግግሩ ሲጀመር እኔ ውኃ ጠምቶኝ ከሌሎች ልጃገረዶች ጋር ወደ ምንጩ ወረድኩ። ልጅ ነኝና ቆየሁ። ስመለስ ሕዝቡ ቆሟል፣ ይጮኻል፤ አያ ሙላት የሚባሉት ድምፀ ጎርናና ሰው አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ከራሳቸው በላይ አንሥተው ይዘዋል።

«ሰባት ቆርቆሮ አለ ታች አምባ! ሰባት! ላይ አምባ ተኝቷል?»

ሕዝቡ የሚጫረተው በብር ሳይሆን በቆርቆሮ ነበር፤ አንድ ቆርቆሮ ያለ የአንድ ቆርቆሮ ዋጋ ይከፍላል። ይህ ወዲያው ገባኝ። ያልገባኝ ሌላው ነው።

«አሥራ ሁለት።»

ድምፁን አወቅሁት። ጮክ ያለ አልነበረም፤ ጎመን ሻጯን «አይሆንም» የሚሉበት ያው ድምፅ ነበር። ሰዉ ሁሉ ዞረ። ከታች አምባ በኩል አያ ጌትነት የሚባሉ፣ በምላሳቸው አገር ያወቃቸው ሰው፣ ጆሯቸውን በጣታቸው ጎረጎሩ።

«ጆሮዬ ነው ወይስ ይታይሽ ናት? ይታይሽ ቆርቆሮ ከምትሰጥ ጥርሷን ነቅላ ትሰጣለች ብዬ ነበርኮ!»

«ጥርሴን ለአንተ ነው ያስቀመጥኩት ጌትነት፣ እንድነክስህ» አሉ እቴቴ። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። እልልታው ሰማይ ነካ። አያ ሙላት እኔን ከእቴቴ አጠገብ አይተው ዶሮውን እቅፌ ውስጥ ጣሉት፤ «ያዢው የኔ እመቤት!» አሉ። እቴቴ ወደ መምሬ ወርቁ ዞረው የመቀነታቸውን ቋጠሮ ይፈቱ ነበር።

ዶሮው ይከብዳል፤ ልቡ በእጄ ላይ ይመታል። እኔም አሰብኩ። አሥራ ሁለት ቆርቆሮ! ዓመቱን ሙሉ የተጠፈ ቀሚስ፣ የተጠበሰ ጫማ፣ ከተመረጠ ሁሉ የተመረጠ በርበሬ፤ ያ ሁሉ አሁን ይኸው ዶሮ ሆኗል። አገሩ ሁሉ ደግሞ ዶሮውን በምኞት ያየዋል። ቢሰርቁንስ? ቢያመልጠኝስ? እቴቴን ብወቅሳቸውም ሥጋዬ ናቸው። ሰዉ ወደ መምሬ ሲያይ በሾላው ዙሪያ ተሽሎክልኬ ወጣሁና፣ ዶሮውን ደረቴ ላይ አጥብቄ ወዳደርንበት ቤት ሮጥኩ። በሩን ዘጋሁ። እንቅብ ደፋሁበት። እንቅቡ ላይ ወፍጮ መጅ ጫንኩበት። ከጎኑ ተቀምጬም ጥበቃዬን ጀመርኩ።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ከበሮው ዝም ሲል ሰማሁ። ቀጥሎ ከሩቅ፣ ከወምበርማ በኩል፣ ነጎድጓድ አጉረመረመ። ከዚያ በሩ ተከፈተ፤ እቴቴ ናቸው። ሮጠው ነበርና ጉበኑን ይዘው ተነፈሱ።

«ዶሮው የት አለ?»

«እዚህ እንቅብ ውስጥ ነው። ማንም አላየኝም» አልኩ በኩራት።

እቴቴ መጁን አዩ፤ እንቅቡን አዩ፤ እኔን አዩ። ከዚያ መደቡ ላይ ተቀመጡና ሳቁ። በሰባት ወር ውስጥ ጥርሳቸውን በሙሉ ያየሁት ያኔ ነው።

«ለምን አመጣሽው?»

«ገዝተውታላ! በአሥራ ሁለት ቆርቆሮ! ሰው እንዳይወስድብዎት ነዋ!»

«ልጄ፣ እኔ ዶሮ አልገዛሁም። ዶሮውን የገዛ ሁሉ ‹ለጊዮርጊስ ብያለሁ፤ ይሸጥ!› ብሎ ይመልሰዋል። ከእኔ በፊት ሁለት ሰው ገዝቶ መልሶታል። እሱ ካልተመለሰ ቀጣዩ ሰው በምን ይሰጣል?»

ገዝቶ መተው የሚባል ነገር በራሴ ውስጥ ቦታ ፈልጎ አጣ።

«በየትኛው ብር ነው?» አልኩ በመጨረሻ።

«በማዕዘኑ ጆንያ።»

«የእኔ አይደለም ያሉት?»

«መቼ የእኔ ሆኖ ያውቃል? ከአሥር አንዱ የእግዚአብሔር ነው። አባቴ በጤፍ ያወጣው ነበር፤ እኔ በበርበሬ አወጣለሁ። አንቺም በስሙኒ ስታወጪ ከረምሽ፤ ስኒው ውስጥ ያለው ለምን መሰለሽ?» ተነሡ። «በይ አሁን ነይ። ጌትነት ‹ይታይሽ ዶሮዋን ይዛ ጠፋች› እያለ አገሩን ያስቅብኛል። ዝናቡም እየመጣ ነው፤ ሰዉ ሊበተን ተነሥቷል። ገና አሥራ ስድስት ቆርቆሮ ይጎድለናል። ዛሬ ካልሞላ ክረምቱ ይቀድመናል።»

በዕድሜዬ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። የተጣበቀው ጫማዬ በመንገድ ተፈትቶ በአንድ እግሬ ባዶ ነበርኩ። ከሾላው ሥር ስደርስ ገሚሱ ሕዝብ አቧራውን እያራገፈ ተነሥቷል፤ ጥቁር ደመና በገደሉ አፋፍ ላይ ቆሟል። መምሬ ወርቁ እጃቸውን አጣምረው ወደተገለጠው ማገር ያያሉ።

«መጣች! ሌባዋ ተያዘች!» አሉ አያ ጌትነት።

«ሌባ አይደለችም፤ ጠባቂ ናት» አሉ እቴቴ፣ ከኋላዬ እየተነፈሱ። «ያሸሸችው እሷ ናት፤ የምትመልሰውም እሷ ናት።» ከዚያም በሁለት ጣታቸው ጀርባዬን ገፋ አደረጉኝ።

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ብቻዬን ቆምኩ። ምን እንደሚባል አሁን ዐውቃለሁ። «ለጊዮርጊስ ብያለሁ፤ ይሸጥ!» አልኩ፤ ድምፄ ግን እንደ ጫጩት ነበር። አያ ሙላት ዶሮውን ተቀበሉኝ።

«እሺ! ዶሮው ተመለሰ! ታዲያ ይህን ሁሉ ሰው ያስጠበቅሽው በባዶ ነው? አንቺስ ስንት ቆርቆሮ ትያለሽ የኔ እመቤት?»

ሳቁ። የቀልድ ጥያቄ እንደ ነበረ ዛሬ ይገባኛል፤ ያኔ ግን እንደ መምህር ጥያቄ መልስ ያስፈልገዋል ብዬ አሰብኩ። እጄ ወደ ቀሚሴ ጠርዝ ሄደ። በዚያ ያለው ስሙኒ ለግማሽ ቆርቆሮ እንኳ እንደማይደርስ ዐውቃለሁ። ቢሆንም በጋሽ ሰይድ በር ሥር ያለው ሣጥንና ያ ገበሬ የከፈለው ሳንቲም ትዝ አሉኝ።

«የአንድ ቆርቆሮ ምስማር!» አልኩ።

ሕዝቡ ከቅድሙ ይልቅ ሳቀ። አንድ ሰው ብቻ አልሳቁም። መምሬ ወርቁ እጃቸውን ፈቱ።

«ምን አለች?»

«ምስማር ነው የምትል» አሉ አያ ሙላት፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«ሙላት፤ የምስማሩ ነገር ተነሥቷል እንዴ?»

አያ ሙላት ዶሮውን ዝቅ አደረጉት። ወደ ሽማግሌዎቹ አዩ፤ ሽማግሌዎቹም እርስ በርስ ተያዩ። አባቶቻቸውም እነሱም ዕድሜያቸውን ሙሉ የከደኑት በሣር ነው፤ ሣር የሚታሰረው በልጥና በገመድ ነው። አምስት ወር ሲመክሩ ቆርቆሮውን፣ ማጓጓዣውን፣ ከፍኖተ ሰላም የሚመጣውን አናጢ ቀለብ ሳይቀር ተነጋግረዋል። ምስማር ግን ከአንዳቸውም አፍ አልወጣም።

«ወይ ጉድ!» አሉ መምሬ። «መቶ ቆርቆሮ አምጥተን በገመድ ልናስረው ኖሯል!»

አሁን የተነሣው ሳቅ ሌላ ዓይነት ነበር፤ ሰው በራሱ ላይ ሲስቅ የሚሳቀው፣ ሆድ የሚያፍታታው ሳቅ። ለመሄድ የተነሡትም ምን እንደተባለ ለመስማት ተመለሱ። ሳቁ ገና ሳይበርድ ከሴቶቹ መካከል አንዲት ባልቴት በምርኩዛቸው ተነሡ። ያንን ዶሮ ለጨረታ የሰጡት እሳቸው ነበሩ፤ ከእሱ ሌላ እንስሳ አልነበራቸውም።

«የምስማር ከሆነማ እኔም አለኝ» አሉ። «ቆርቆሮ ስትሉ ነው ዝም ያልኩ።» የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ በጥርሳቸው ፈቱት። «የሁለት ቆርቆሮ ምስማር በሉልኝ!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል መናገር አልችልም። ሴቶቹ ሁሉ ተነሡ። ከጠዋት ጀምሮ የአንድ ቆርቆሮ ዋጋ የማይደፈር ሆኖባቸው አፋቸውን ይዘው የተቀመጡ ነበሩ፤ አሁን መቀነት ይፈታል፣ ቋጠሮ ይፈታል፣ የእንቁላል፣ የጌሾ፣ የፈትል ሳንቲም ይወጣል። «የአንድ ቆርቆሮ ምስማር!» «የሦስት!» «የእኔና የምራቴ፣ የአራት!» አያ ሙላት ዶሮውን ለማን እንደሚሰጡ ጠፋቸው፤ ከእቅፍ ወደ እቅፍ ይዘላል፤ ባለፈበት ሁሉ «ለጊዮርጊስ ብያለሁ፤ ይሸጥ!» ይባላል። እኔም ከእቴቴ ምላጭ ተቀብዬ የቀሚሴን ጠርዝ ተረተርኩና ስሙኒዎቹን በመምሬ ወርቁ መሶበ ወርቅ ውስጥ አንድ በአንድ ጣልኩ። ሸራ ጫማውን አላሰብኩትም ብል ውሸት ይሆንብኛል። እያንዳንዷ ስሙኒ ስትወድቅ አሰብኩት። ግን ጣልኳት።

የዝናቡ የመጀመሪያ ጠብታዎች ሲወርዱ አንድም ሰው ከቦታው አልተነቃነቀም። ያን ጊዜ አያ ጌትነት ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ስሙ ታች አምባ! ሴቶቹ ምስማሩን ሞልተው ቆርቆሮው ሊጎድል ነው? ነገ በምን ፊታችን ቤታችን እንገባለን? ስምንት ቆርቆሮ!»

«አምስት!» አለ ላይ አምባ በአንድ ድምፅ። «በስምንቱ ላይ አምስት!»

«ስድስት ጨምር!» ታች አምባ።

አያ ሙላት በጣታቸው ደመሩ፤ እንደገና ደመሩ። «አሥራ ዘጠኝ!» ብለው ሲጮኹ ድምፃቸው ተሰበረ። «አሥራ ስድስት ጎድሎን አሥራ ዘጠኝ! ሞላ! ተረፈ!» ከበሮው ተመታ፤ እልልታው ከነጎድጓዱ በላይ ሆነ። ዝናቡ በላያችን ላይ ወረደ፤ በተገለጠው ማገር መካከልም ወረደ፤ ሕዝቡ ግን በዝናቡ ውስጥ ይዘፍናል። መምሬ ወርቁ ወደ ደመናው ቀና ብለው «ዝነብ! አሁን ዝነብ! የመጨረሻህ ነው!» ሲሉ ሰማሁ። እቴቴ በበሰበሰ ነጠላቸው ሥር አስገብተውኝ ነበር። እጃቸው ራሴ ላይ ነበር፤ እጃቸው የት እንዳለ ሁልጊዜ የሚያውቁ ሴት ነበሩ።

በሳምንቱ እቴቴ፣ መምሬ ወርቁና እኔ ጋሽ ሰይድ ሱቅ ገባን። ቆርቆሮው ተቆጥሮ ወጣ። ምስማሩ ተመዘነ። ጋሽ ሰይድ ሚዛኑ ከተስተካከለ በኋላ ሁለቱን እጃቸውን ሣጥኑ ውስጥ ሰደው እፍኝ ሙሉ ጨመሩበት፤ ደግመው ጨመሩ።

«ይኼስ?» አሉ እቴቴ፣ ለክርክር ተዘጋጅተው።

«ይኼ የእኔ ነው፣ እትዬ ይታይሽ። የእኔ በሆነ ላይ መጨመር እችላለሁ።»

እቴቴ በገበያ ሲረቱ ያየሁት በዚያ ቀን ብቻ ነው፤ እንደዚያ ደስ ብሏቸውም አይቻቸው አላውቅም።

ቆርቆሮውን የሾላ ሜዳ ወንዶች ሁለት ሁለት እየሆኑ በትከሻቸው ተሸከሙት። ፀሐይ ሲያርፍበት መንገዱ በሙሉ ብልጭ ብልጭ ይላል፤ ከየማሳው ገበሬው ሞፈሩን አቁሞ ያያል። ሴቶቹ ምስማሩን በቅርጫት ይዘው እልል እያሉ ይከተላሉ። እኔ የተሰጠኝ የግማሽ ኪሎ ጥቅል ነበር። ሁለተኛ ጊዜ በቢላዋ የተጣበቀ ኮንጎ ጫማዬን አድርጌ፣ ከሰልፉ ፊት፣ ከመምሬ ወርቁ መስቀል ቀጥዬ ሄድኩ። ሸራ ጫማ ያደረገ ልጅ በዚያ መንገድ ላይ አልነበረም፤ ቢኖርም አላየውም ነበር።

አናጢው ከፍኖተ ሰላም መጥቶ በአሥራ ሁለት ቀን ጨረሰ። ትርፎቹ ሦስት ቆርቆሮዎች የቤተልሔሟ ክዳን ሆኑ። ዶሮውን ማንም ሊያርደው አልደፈረም፤ በግቢው ቀርቶ በቅዳሴው መካከል ይጮኽ ነበር። ታቦቱ ወደ መንበሩ በተመለሰበት እሑድ ዝናብ መጣ፤ በአዲሱ ቆርቆሮ ላይ የወረደው ጩኸት የመምሬ ወርቁን ስብከት ሙሉ በሙሉ ዋጠው። መምሬ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ይታየናል እንጂ ቃል አይሰማም። በመጨረሻ እሳቸውም ተስፋ ቆርጠው ፈገግ አሉና እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ፤ እኛም ሁላችን ቀና ብለን አንዲት ጠብታ የማያስገባውን ጣሪያ አየን። እኔ የማየው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። አናጢው ጥያቄዬ ሲሰለቸው «ያችውልሽ፣ የአንቺዋ ምስማር ያቺ ናት» ብሎ በምሥራቅ በኩል በጣቱ አሳይቶኝ ነበር። አመንኩት።

ሚኒባሱ ቡሬ ካደረሰኝ በኋላ ሾላ ሜዳ የገባሁት በባጃጅ ነው። ንግሥ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ አዲስ ቀይ ክዳን ለብሷል፤ ያንኑ ሊመርቁ ነው የጠሩኝ። እቴቴ በምሥራቅ በኩል፣ በወይራው ሥር አርፈዋል። ሻማ አብርቼላቸው ስመለስ በሾላው ጥላ ሥር ጨረታው ተጀምሮ ነበር፤ ላይ አምባ በቀኝ፣ ታች አምባ በግራ። ድምፅ ማጉያ የያዘው ወጣት ዲያቆን ለአዲሱ አጥር ግንብ የሚጫረቱበትን ዕቃ ከፍ አደረገ። ከአሮጌው ጣሪያ የወረደ አንድ ቆርቆሮ ነበር። ዝገቱ ቡናማ ሆኗል፤ በጠርዙ በኩል ምስማር የነበረባቸው ቀዳዳዎች ተሰልፈው፣ የሚያዝያ ፀሐይ በየአንዳንዳቸው ያልፋል።

እኔ በሥራ ቦታዬ፣ በስብሰባ ላይ እንኳ፣ እጄን ሳላወጣ የማልናገር ሴት ነኝ። ያን ቀን እጄን አላወጣሁም። ለሁለት ዓመት ስለዚህ ቀን ብዬ ከየወሩ ደመወዜ ከአሥር አንዱን ለይቼ ያኖርኩትን በሙሉ፣ በአጥር ድንጋይ ዋጋ አስልቼ፣ በአንድ ትንፋሽ ጠራሁት። ሕዝቡ ዞረ። ዲያቆኑ ቆርቆሮውን ሊያስረክበኝ መጣ፤ በሁለት እጄ ተቀብዬ ከራሴ በላይ አነሣሁት።

«ለጊዮርጊስ ብያለሁ፤ ይሸጥ!»

ድምፄ የጫጩት አልነበረም። እልልታው ገና ሳያባራ፣ ከግራ በኩል አንድ የታች አምባ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በእጥፍ መለሱልኝ።